ከእያንዳንዱ ሁለት ሜትር ገዝቼ ለምን አነሰኝ?

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ለልጄ አልጋ ከሁለት ዓይነት የጥጥ ጨርቅ በካሬ በካሬ እየተገጣጠመ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ጀምሬላት ነበር። አልጋዋ ሜትር ከሃያ ነው። የሚሸፈነውን ስፋት በካልኩሌተር አስልቼ ከመርካቶ ከቢጫውም ከሰማያዊውም ሁለት ሁለት ሜትር ገዛሁ። ወርዳቸው 1.10 ነው። 22 ሴንቲ ሜትር እያደረግሁ ስቆርጠው ከእያንዳንዱ 36 ካሬ ብቻ ወጣልኝ፤ የሚያስፈልገኝ ግን በጠቅላላው 99 ነበር። ሰፍቼ የሞከርኳቸው ሦስት ረድፎችም ማእዘናቸው አይገጣጠምም። የት ላይ ተሳሳትኩ? አሁንስ ስንት ልጨምር?» ከአራት ኪሎ

ምላሽ፦ ልጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቢጫም ሰማያዊም አትጨምሪ። በእጅሽ ያለው ይበቃል። እንዴት እንደሚበቃ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን የተሳሳትሽበትን ቦታ ላሳይሽ እፈልጋለሁ፤ ፒያሳ ባለችው የስፌት ቤቴ ቅድ የሚማሩ ልጆች ሁሉ የሚወድቁበት ያው ቦታ ነውና።

ስሌትሽን ከጻፍሽልኝ ቁጥሮች ተነሥቼ ልከተለው። ፍራሹ 1.20 በ1.90 ነው። ከግራና ከቀኝ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከግርጌ ደግሞ 30 እንዲወርድ ፈልገሻል። ስለዚህ የአልጋ ልብሱ ወርዱ 1.80፣ ቁመቱ 2.20 ይሆናል። 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በወርዱ 9፣ በቁመቱ 11 ጊዜ ይገባል፤ 99 ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ አንድም ስሕተት የለም። ከዚያ 1.80ን በ2.20 አባዝተሽ 3.96 ካሬ ሜትር አገኘሽ፤ ለሁለት ከፈልሽው፤ በጨርቁ ወርድ በ1.10 አካፈልሽው፤ 1.80 ሜትር መጣልሽ። ለመጠባበቂያ 20 ሴንቲ ሜትር ጨምረሽ ሁለት ሜትር አልሽ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ጨርቅ ግን እንደ መሬት በካሬ ሜትር አይለካም።

የመጀመሪያው ጉድለት ስፌቱ የሚበላው ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የሚታይ ካሬ፣ ከየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ሲታሰብለት 22 ሆኖ መቆረጥ አለበት፤ አንቺም ስትቆርጪ ይህን አልዘነጋሽም፤ ስትገዢ ግን ዘንግተሽዋል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል። 20 በ20 ግን 400 ነው፤ 22 በ22 ደግሞ 484። በመቶ 21 ተጨማሪ ጨርቅ ማለት ነው። ካሬው ባነሰ ቁጥር ይህ ይብሳል። 10 ሴንቲ ሜትር የሚታይ ካሬ 12 ሆኖ ይቆረጣል፤ ትርፉ በመቶ 44 ይደርሳል። 5 ሴንቲ ሜትር የሚታየው 7 ሆኖ ሲቆረጥ ደግሞ የሚፈልገው ጨርቅ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ትንንሽ ካሬ የሚያምር ሥራ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ከሚታየው ጨርቅ እኩል በስፌቱ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ጨርቅ እንዳለ አውቆ የሚጀመር ሥራ ነው። ይህ ሙያ በተስፋፋባቸው አገሮች የስፌቱ ትርፍ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ዘንድ በሚገኘው ቶሎ በሚተረተር ጨርቅና በቤት የስፌት መኪና ለጀማሪ አንድ ሴንቲ ሜትር እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጉድለት ትልቁ ነው። ጨርቅ ስትገዢ ቁመቱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ወርዱ ግን ሲሸመን የተወሰነ ነው። ስለዚህ ስንቆርጥም የምንጀምረው ከወርዱ ነው። 1.10 ወርድ ካለው ጨርቅ ላይ ጠንከር ብሎ የተሸመነውን ጠርዝ ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ስታወጪ 1.08 ይቀርሻል። በዚህ ውስጥ 22 ሴንቲ ሜትር ስንት ጊዜ ይገባል? አራት ጊዜ፣ 88። የቀረው 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ካሬ ለመሆን ሁለት ሴንቲ ሜትር ጎደለው። ካልኩሌተሩ ያንን 20 ሴንቲ ሜትር ካሬ አድርጎ ቆጥሮታል፤ መቀሱ ግን አልቆጠረውም። ሁለት ሜትር ቁመት ውስጥ 22 ዘጠኝ ጊዜ ይገባል፤ ዘጠኝ ጊዜ አራት 36። ያወጣሽው ልክ ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ስሌቱ የሚጀምረው «በአንድ ረድፍ ስንት ካሬ ይወጣል?» ብሎ ነው። ከእያንዳንዱ ቀለም ለሚያስፈልግሽ 50 ካሬ (የ99 ግማሽ ነው)፣ በረድፍ አራት ከሆነ፣ 12 ረድፍ ተኩል ይመጣል፤ ግማሽ ረድፍ ስለማይገዛ 13 ነው። 13 ጊዜ 22፣ 2.86 ሜትር። አሁን ካሬውን አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቀንሰሽ 21 አድርጊውና እንየው። በረድፍ አምስት ይወጣል፤ 105 ሴንቲ ሜትር። 50 ካሬ በአሥር ረድፍ ያልቃል፤ 2.10 ሜትር። አንድ ሴንቲ ሜትር በመቀነስሽ ከእያንዳንዱ ቀለም 76 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ዳነ። የአልጋ ልብሱ ወደ 1.71 በ2.09 ያንሳል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም፤ እርሱንም ዙሪያውን አምስት ሴንቲ ሜትር በሚሆን ሌላ ጨርቅ እንደ ነጠላ ጥለት ብትከብቢው 1.81 በ2.19 ሆኖ ይመለሳል። ጥለት ያለው ደግሞ ያምራል። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን የካሬውን መጠን ቤት ሆናችሁ አትወስኑ፣ የጨርቁን ወርድ ካያችሁ በኋላ ወስኑ የምላቸው። ወርዱ 1.50 በሆነ ጨርቅ ላይ የሚያዋጣው 24 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በረድፍ ስድስት ይወጣና ብዙም የሚጣል አይኖርም።

ገና ላልገዛ ሰው ይህን ልጨምር። የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ በተለይ አቡጄዲ። በመቶ አምስት አስበሽ ግዢ፣ ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፣ ሳይደርቅ ተኩሺው። ከዚያ ላይ ሻጩ ሲቆርጥ ለሚጣመምበት አሥር ሴንቲ ሜትር ጨምሪ። 2.10 የነበረው 2.30 ይሆናል ማለት ነው። ወርዱንም ከታጠበ በኋላ እንደገና ለኪው፤ 1.10 የነበረው 1.08 ሆኖ ቢገኝ፣ ጠርዙ ሲወጣ 1.06 ይቀራል፤ አምስት ካሬ ባለ 21 አሁንም ይወጣል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚተርፈው። መርካቶ ስትሄጂ ሜትርሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ጣቃው ላይ የተጻፈውን ወርድ ብቻ አትመኚ። ቀለሙን ከሱቁ ደጃፍ ወጥተሽ በፀሐይ ብርሃን እዪው። የሚያስፈልግሽንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጣቃ ውሰጂ። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ለደንበኛ የጀመርኩት የአልጋ ልብስ አንድ ረድፍ አንሶት፣ ቁራጩን በእጄ ይዤ ወደዚያው ሱቅ ተመለስኩ። ጣቃው አልቆ አዲስ መጥቶ ነበር። አበባው ያው፣ ቀዩ ግን ያው አልነበረም። ያንን ረድፍ ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ሁሉ ይለየው ነበር።

አሁን ወደ ማእዘኑ ልምጣ፤ ከጨርቁ ማነስ ይልቅ ያሳሰበኝ እርሱ ነው።

ከጻፍሽው ተነሥቼ ስገምት የቆረጥሽው እንዲህ ይመስለኛል። አንድ ካሬ በሜትር ለክተሽ ቆረጥሽ፤ ያንን ካሬ ጨርቁ ላይ አስተኝተሽ ሁለተኛውን ቆረጥሽ፤ በሁለተኛው ሦስተኛውን። አብዛኛው ጀማሪ የሚያደርገው ይህንን ነው። የሳሙናው ወይም የጠመኔው መስመር ግን ውፍረት አለው፤ ጨርቅ ደግሞ ከሥር ይሸሻል። እያንዳንዱ ካሬ ከእናቱ ትንሽ ይሰፋል። አንዲት ተማሪዬ በዚህ መንገድ የቆረጠቻቸውን ካሬዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ የመጀመሪያውን በመጨረሻው ላይ አስተኛሁት። ልዩነቱ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ነበር። ልጅቷ ሁለቱንም የቆረጠችው በጥንቃቄ ነበር፤ የተሳሳተው መለኪያዋ እንጂ እጇ አልነበረም።

አንድ መለኪያ ብቻ ይኑርሽ፣ እርሱም ከጨርቅ አይሁን። ካሬውን 21 ካደረግሽው ደግሞ መለኪያውን ከማንኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ታገኚዋለሽ። ኤ4 ወረቀት ወርዱ 21፣ ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። አጭሩን ጠርዝ በረጅሙ ጠርዝ ላይ አስተኝተሽ ከማእዘኑ በሰያፍ እጠፊው፤ ከሥር የሚተርፈውን ቁራጭ ቆርጠሽ ጣይው። ስትዘረጊው 21 በ21 የሆነ፣ ማእዘኑ ያልተዛባ ካሬ ነው። ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለግሽ ሌላ ኤ4 ወረቀት አምጪና ረጅሙን ጠርዝ በእጥፋቱ ሰያፍ መስመር ላይ አስተኚው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልክክ ይላል። 21 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው ካሬ ሰያፉ 29.7 ስለሆነ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ባሳየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ወረቀቱን ጠንካራ ካርቶን ላይ ለጥፈሽ ዙሪያውን በምላጭ ቁረጪው። ካርቶን ግን ጠርዙ ስለሚበላ አንድ 30 ካሬ ካወጣሽ በኋላ በአዲስ ለውጪው፤ ወይም ወረቀቱን ለእንጨት ሠራተኛ ሰጥተሽ በስስ ኤም ዲ ኤፍ (ተጨምቆ በተሠራ የእንጨት ሰሌዳ) አስቆርጪው፤ ለዓመታት ያገለግልሻል። ለረጅም መስመር ደግሞ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሠሩ ቤቶች አንድ ሜትር የሚሆን ትርፍ ቁራጭ ለምኚ። ከእንጨት ማስመሪያ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው።

ጨርቁን ከመቁረጥሽ በፊት ክሩን ተከተይ። ድሩና ማጉ፣ ማለትም የቁመቱና የወርዱ ክር፣ በሚሄዱበት አቅጣጫ የተቆረጠ ካሬ ቅርጹን ይይዛል፤ በሰያፍ የተቆረጠ ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ስትተኩሺው ደግሞ ይባስ ይጣመማል። ቀጥተኛውን መስመር ለማግኘት ዓይንሽን አትመኚ። ከጠርዙ አጠገብ በመቀስ ጫፍ ትንሽ ቁረጪና አንዱን የማግ ክር በጥፍርሽ ይዘሽ በቀስታ ምዘዢው። ክሩ እየተሰበሰበ የሚሄድበት ቀጭን መስመር ጨርቁ ላይ ይታያል፤ ቢበጠስም ከቆመበት ቀጥዪ። እርሱ ነው እውነተኛው ቀጥታ መስመር። ሻጩ ከቆረጠልሽ ጋር ብታስተያዪው ስንት ጣት እንደተጣመመ ታያለሽ፤ ያ አሥር ሴንቲ ሜትር መጠባበቂያም የሚሄደው ለዚህ ነው።

ስትቆርጪ ጠረጴዛ ላይ ቁረጪ፤ አልጋና ምንጣፍ ላይ አይሆንም። መስመሩን በቀጭን የሳሙና ስባሪ አስምሪው፤ ጠርዙ ሲደንዝ በቢላዋ ሳሊው። የመቀሱ የታችኛው ምላስ ከጠረጴዛው አይነሣ። ሁልጊዜም በመስመሩ ውስጠኛ ወገን ቁረጪ፤ አንዴ በውስጥ አንዴ በውጭ ከሆነ ሁለት ሚሊ ሜትር ሄደ። ከሁለት ድርብ በላይ አትደርድሪ፤ እርሱንም በስፒል ያዥው። ያ መቀስ ወረቀትም ካርቶንም አይቁረጥ፤ በቤትሽ ላሉት ሁሉ ይህን ንገሪያቸው።

አንድ ሚሊ ሜትር ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል ብትዪ፣ አስዪው። ስፌትሽ ከየጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ቢበልጥ፣ አንድ ስፌት ሁለት ሚሊ ሜትር ይበላል። አሥራ አንድ ካሬ ባለው ረድፍ አሥር ስፌት አለ፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጠፋ። የሚቀጥለው ረድፍ በትክክል ከተሰፋ ደግሞ ሁለቱ ረድፎች ጫፋቸው ላይ በሁለት ሴንቲ ሜትር ይለያያሉ። ሦስት ረድፍሽ ያልገጠመው በዚህም ጭምር ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መርፌውን ወደ ታች አውርጂ፣ ከመርፌው ወደ ቀኝ አንድ ሴንቲ ሜትር ለክተሽ በመኪናው ሰሌዳ ላይ ፕላስተር ለጥፊ፤ የጨርቁን ጠርዝ በፕላስተሩ እያስጠጋሽ ስፊ። ከዚያ ሦስት ካሬ ብቻ ሰፍተሽ ተኩሺና የመካከለኛውን ለኪ። 19 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ ፕላስተሩን አንቀሳቅሺ። 19 እስኪሆን ድረስ አራተኛውን አትስፊ። ካውያውን አታንሸራትቺው፤ እያነሣሽ አሳርፊው። ስፌቱንም በአንዱ ረድፍ ወደ ቀኝ፣ በሚቀጥለው ወደ ግራ አስተኚው፤ ያን ጊዜ ረድፎቹ ሲገናኙ ማእዘኖቹ ራሳቸው ይቆላለፋሉ።

ከሰፈር ሰው አንዳንዱ ይህን ሥራ ድሪቶ ይለዋል፤ ሲሉሽ አትከፊ። ድሪቶ የተቀደደውን ለመሸፈን ያገኙትን መደረት ነው። የአንቺ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ቦታው አስቀድሞ የታሰበለት ነው።

እንግዲህ በእጅሽ ያለው። ከእያንዳንዱ ቀለም 36፣ በድምሩ 72 ካሬ አለሽ። ስምንት በዘጠኝ 72 ነው! ከየረድፉ ጫፍ የተረፈው 20 በ22 የሆነው ቁራጭ ደግሞ ከእያንዳንዱ ዘጠኝ ዘጠኝ አለ፤ እንዳልጣልሽው ተስፋ አደርጋለሁ። የተቆረጠ ካሬ ስለሚተረተር አሁን አይታጠብም፤ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገሽ በሚገባ ተኩሺው። ነጩ ጨርቅ ላይ ቀለም ከለቀቀ ታዪዋለሽ። ከዚያ ሰባ ሁለቱንም ካሬ በወረቀቱ መለኪያ 21 አድርጊያቸው፤ የሰፋውም የጠበበውም በዚህ ይስተካከላል። ከትርፎቹ ስምንት ቢጫ፣ ስምንት ሰማያዊ መርጠሽ 21 በ19 አድርጊያቸው። ካሬዎቹን ቢጫና ሰማያዊ እያፈራረቅሽ በወርድ ስምንት፣ በቁመት ዘጠኝ ረድፍ ስፊ፤ ትርፎቹን ከራስጌ አንድ ረድፍ፣ ከግርጌ አንድ ረድፍ ጨምሪ፣ 19 የሆነው ጎን ቁመት ይሁን። የተሰፋው 1.52 በ2.05 ይሆናል። ረድፉ እንደገና አሥራ አንድ ሆነ፤ ያሰብሽውም ያን ያህል ነበር።

የቀረውን ጥለቱ ይሞላዋል። ከግራና ከቀኝ 14፣ ከራስጌና ከግርጌ 7 ሴንቲ ሜትር የሚታይ ጥለት ብታደርጊለት 1.80 በ2.19 ይመጣል። ከ1.10 ወርድ ጨርቅ ለጎኖቹ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት፣ ለራስጌና ለግርጌ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት፣ ለዳሩ መጠቅለያ ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘጠኝ ቁራጭ ያስፈልግሻል። ሲደመር 1.54 ነው፤ ለመሰብሰቡና ለመጣመሙ ተጨምሮ 1.75 ሜትር ግዢ። የምትገዢው ሦስተኛ ቀለም ይህ ብቻ ነው። ነጭ አልመክርሽም፤ የልጅ አልጋ ነው።

ለጀርባው ገበር ከየጎኑ ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ተርፎ 1.95 በ2.35 የሚሆን ጨርቅ ይበቃል። እዚህም ወርዱ ይወስናል። በ1.10 ጨርቅ ሁለት ቁመት ተቀጥሎ 4.70፣ ከነመጠባበቂያው 5 ሜትር ገደማ ነው። በ1.50 ጨርቅ የገበሩን ቁመት በጨርቁ ቁመት ካስተኛሽው ያው 4.70 ነው፤ ወደ ጎን ብታዞሪው ግን ሁለት ጊዜ 1.95፣ 3.90 ይሆናል፤ ከነመጠባበቂያው 4.20። ጨርቁን ስላዞርሽው ብቻ 80 ሴንቲ ሜትር ተረፈሽ። በመሃል የሚገባው ደግሞ ያረጀ ስስ ብርድ ልብስ ካለሽ ይበቃል፤ አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ በላይ ብትፈልግም ላዩ ላይ ጋቢ ይደረብላታል።

የሰፋሻቸውን ሦስት ረድፎች ፍቺያቸው። የመርፌው ቀዳዳ ይታያል ብለሽ አትስጊ። ካሬውን ከየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስታነሺለት የድሮው ቀዳዳ ከአዲሱ ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀራል፤ አዲሱ ስፌት ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚያልፍ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በስፌቱ ውስጥ ተሸፍነው ይቀራሉ። ስትፈቺ ክሩን አትጎትቺው፤ በየሦስት በየአራት የስፌት እርምጃው በመርፌ ጫፍ እያነሣሽ በጥሺው፣ ከዚያ በጀርባ በኩል ያለው ክር ራሱ ተመዝዞ ይወጣል።